የስፒናው ቅርጽ ሲቀየር ቮልቱ አይቀየርም

ለተከበረው ዝግጅት ክፍል፤

ገናና ጥምቀት ሲቃረቡ ከውጭ የሚገባው ወገን ሻንጣ በኤሌክትሪክ ዕቃ ይከብዳል። ለእናት የውሃ ማፍያ፣ ለእህት ፀጉር ማድረቂያ፣ ፀጉር ቤት ለከፈተው የአክስት ልጅ ቶንዶዝ፣ አስም ላለበት ሕፃን ኔቡላይዘር። በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ ከዚህ ውስጥ ቀላል የማይባለው ጥገና ቤት ይገባል፤ ከገባውም ብዙው አይድንም። ምክንያቱ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ዕቃው የተሠራው ለ120 ቮልት ሲሆን የእኛ ሶኬት የሚሰጠው 220 ነው። ከመሐል የገባችው ትንሽዬ አዳፕተር ሥራዋ ጠፍጣፋውን እግር ወደ ክብ መለወጥ ብቻ ነው። ቮልቱን አትነካውም፣ በገባበት መጠን አሳልፋ ትሰጠዋለች። በየሱቁ ግን «ኮንቨርተር» እየተባለች ስትሸጥ ትውላለች።

ስለዚህ ሻንጣው ሳይዘጋ ዕቃውን ገልብጦ ከሥሩ ወይም ከቻርጀሩ ሆድ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ያስፈልጋል። ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ጥቁር ላይ በግራጫ የተጻፈና በዓይን የማይያዝ ስለሆነ በስልክ ፎቶ አንስቶ ማጉላት ይቀላል። የሚፈለገው «ኢንፑት» የሚለው መስመር ነው። ከሥሩ ያለው «አውትፑት» ቻርጀሩ ለስልኩ ወይም ለላፕቶፑ የሚሰጠው መጠን ነው፤ 5 ወይም 20 ቮልት ይል ይሆናል፣ ለዚህ ጉዳይ ግን አይጠቅምም። ኢንፑቱ ላይ «100-240» ካለና አጠገቡ «50/60» ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት) ከተጻፈ ዕቃው ከአሜሪካም ከጃፓንም ቢመጣ እኛ ዘንድ ይሠራል። የስልክ፣ የላፕቶፕና የካሜራ ቻርጀሮች በአብዛኛው እንዲህ ናቸው። ጽሑፉ «120» ወይም «110-127» ብሎ የሚያበቃ ከሆነ ግን አዳፕተር ሰክቶ መሞከር ዕቃውን ማቃጠል ነው፤ ሌላ መንገድ መፈለግ አለበት።

ለላፕቶፕ ከአዳፕተርም የተሻለ ነገር አለ። ከቻርጀሩ የሚነቀለውን ገመድ አውጥቶ የእኛ ስፒና ያለውን ተመሳሳይ ገመድ እዚሁ መግዛት ነው። ጫፉ እንደ ስምንት ቁጥር ይሁን ባለሦስት ቀዳዳ፣ አይቶ አንድ ዓይነት መሆኑን ማረጋገጥ ብቻ ነው። አዳፕተር ይላላል፣ የላላ ነገር ይግላል፤ ገመዱ ግን በቀጥታ ጥብቅ ብሎ ይገባል።

ከሁሉ በላይ ሰው የማይጠረጥረው ዕቃ ዲቫይደር ነው። «ቻርጀሮቼ በሙሉ 100-240 ናቸው» የሚል ጠንቃቃ መንገደኛ ሁሉንም የሚሰካው ከአሜሪካ ባመጣው ባለስድስት ቀዳዳ ዲቫይደር ላይ ይሆናል። ዲቫይደሩ ራሱ የተሠራው ለ125 ቮልት ነው። «ሰርጅ ፕሮቴክተር» የሚባለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሆዱ ውስጥ ቮልት ከመጠን ሲያልፍ ወደ ራሱ ስቦ የሚያሳልፍ ክብ ዲስክ አለ። 220 ቮልት ሲደርሰው ዲስኩ መብረቅ የመጣ ይመስለዋል። ያለማቋረጥ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ይግላል፣ ይፈነዳል፣ ፕላስቲኩንም ያቀልጣል። ምንም ነገር ባይሰካበት እንኳ ይህ ይደርሳል። ዲቫይደር ከዚያ ማምጣት አያስፈልግም፤ እዚሁ ይገዛ።

ሙቀት የሚያወጡ ዕቃዎች ሂሳባቸው ግልጽ ነው። ቮልቱ ወደ እጥፍ ሲጠጋ ጉልበቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። በ120 ቮልት 1,500 ዋት የሆነ የውሃ ማፍያ 220 ላይ ሲሰካ ወደ 5,000 ዋት ይወጣል፤ 23 አምፔር አካባቢ ይስባል ማለት ነው። ብዙ ሰው «ብሬከሩ ይቆርጠዋል» ብሎ ይተማመናል። 16 አምፔር ብሬከር 23 አምፔርን ወዲያው አይቆርጥም፤ የተሠራው ለአጭር ጊዜ ከልክ ማለፍን እንዲታገስ ነው፣ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል። ብሬከሩ ሳይነቃ የዕቃው ማሞቂያ ሽቦ ይበጠሳል፣ ወይም የሶኬቱ ፕላስቲክ ይጠቁራል። ለጉዞ ተብለው የሚሸጡ አንዳንድ ፀጉር ማድረቂያዎች 125 እና 250 የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሏቸው፤ ቁጥሩ የሚቀየረው በሳንቲም በምትዞር ጠባብ ቀዳዳ ነው። መዞር ያለባት ስፒናው ሳይሰካ ነው። ከአሜሪካ መጥቶ 125 ላይ እንዳለ የተሰካ ማድረቂያ አንዴ በጣም ጮኾ፣ ሽቦው ነጭ እስኪሆን ግሎ ያበቃል።

እንደዚሁ ዓይነት መቀየሪያ ያላቸው አሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተሮችም ናቸው። ለትምህርት ቤት በእርዳታ ከሚላኩት ውስጥ ከኋላቸው፣ ገመዱ ከሚገባበት አጠገብ፣ 115 እና 230 የምትል ቀይ መቀየሪያ ያለባቸው አሉ። 115 ላይ ሆና 220 ከተለቀቀባት የኃይል ክፍሉ ውስጥ ያሉት፣ 200 ቮልት እንዲችሉ የተሠሩ ሁለት ትልልቅ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያዎች) እያንዳንዳቸው ከ300 ቮልት በላይ ይጫንባቸዋል። ድምፁ ርችት ነው። በተቃራኒው 230 ላይ ሆና ዝቅተኛ ቮልት ብታገኝ ኮምፒውተሩ አይነሳም እንጂ አይበላሽም። ስለዚህ ሳጥን የሚያሽግ ሰው ሁሉንም መቀየሪያ 230 ላይ አድርጎ በፕላስተር ቢያሽገው የተቀባዩን ልፋት ያቃልላል።

120 ቮልት ብቻ የሆነ ዕቃ የግድ እዚህ መሥራት ካለበት ቮልት አውራጅ ያስፈልገዋል። ሁለት ዓይነት አለ፤ ልዩነቱን ሳያውቁ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። አንደኛው ቀላልና በመዳፍ የሚያዝ ሆኖ ላዩ ላይ 1,600 ወይም 2,000 ዋት የሚል ነው። ይህን ያህል ጉልበት በዚህ ክብደት የሚያወጣው ኤሌክትሪኩን እየቆራረጠ ስለሚሰጥ ነው። አማካዩ ይወርዳል እንጂ የሞገዱ ጫፍ እንደነበረ 300 ቮልትን አልፎ ሊቀር ይችላል። ለፀጉር ማድረቂያና ለካውያ ለጥቂት ደቂቃ ያገለግላል። ሞተርና ኤሌክትሮኒክስ ያለበትን ዕቃ ግን ይገድላል። ሁለተኛው እውነተኛው ትራንስፎርመር ነው። ከብረትና ከመዳብ የተሠራ ስለሆነ ይከብዳል፤ 1,000 ዋት የሚለው ጥቂት ኪሎ ካልመዘነ ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር አትመኑት።

የትራንስፎርመሩን መጠን ለመምረጥ ዕቃው ላይ ያለውን ዋት ማየት ነው። ዋቱ ካልተጻፈ ቮልቱን በአምፔሩ ማባዛት ነው፤ 120 ቮልት 3 አምፔር ከሆነ 360 ዋት ነው። ለሙቀት ዕቃ ሩብ ያህል ጭማሪ ይበቃል። ሞተር ላለበት፣ ማለትም ለመፍጫና ለጁስ መምቻ፣ ሲነሳ የሚስበው ብዙ ስለሆነ ሦስት እጥፍ መያዝ ይሻላል። ሥራ ሲያበቃ ከግድግዳው ይነቀል፤ ባዶውንም ቢሆን ይግላል፣ ቆጣሪም ያስቆጥራል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሻጮች አይናገሩትም። ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ትራንስፎርመሮች 110ውን የሚያወጡት ከዚያው ከ220ው ጥቅል ሽቦ ላይ ቆንጥረው ነው፤ ሁለቱ አልተለያዩም። የእኛ ስፒና ደግሞ ተገልብጦም ይገባል። ፌዙ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ፣ ባልታሰበው በኩል ከመጣ 110 ይሰጣል የተባለው ቀዳዳ ከመሬት አንጻር ሲለካ 220 ሆኖ ይገኛል። ዕቃው በዚያው ይሠራል፣ ምንም አይታወቅም፤ አካሉ ብረት ከሆነና ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ከተላጠ ግን የነካውን ሰው የሚይዘው 220ው ነው። ግራውንድ ያለው ሶኬት ያስፈልጋል፣ እርጥብ ቦታም አይሆንም።

ትራንስፎርመር የማይፈታው ችግርም አለ። ቮልቱን ያወርዳል እንጂ የአሜሪካውን 60 ኸርዝ ከእኛ 50 አያመጣውም። ለውሃ ማፍያ ለውጥ የለውም። ለሞተር ግን ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ፀጉር ቤቶች የሚወዱት፣ በማግኔት የሚንቀጠቀጠው ባለገመድ ቶንዶዝ በአሜሪካ በደቂቃ 7,200 ጊዜ ይመታል፤ እዚህ በትራንስፎርመር 6,000 ይሆናል። ብዙዎቹ ጎናቸው ላይ ለዚሁ የምትሆን ብሎን አለቻቸው። ቶንዶዙን አብርቶ ብሎኗን ቀስ እያሉ ማጥበቅ፣ ኃይለኛ መንኳኳት ሲጀምር ደግሞ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ጥቂት ማላላት ነው። ይሻሻላል፤ እንደ መጀመሪያው ግን አይሆንም። ማይክሮዌቭ ከዚያ ማምጣት ደግሞ ምንም ትርጉም የለውም። ውስጡ ያለው ከባድ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ይግላል፣ ለእሱ የሚበቃው ቮልት አውራጅም ከማይክሮዌቩ ሊወደድ ይችላል።

ከሳዑዲ ፍሪጅና ልብስ ማጠቢያ የሚጭኑ ወገኖች እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። ሳዑዲ ከአካባቢው አገሮች የምትለየው 60 ኸርዝ በመጠቀሟ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ 230 ቮልት ለመሸጋገር ወሰነች እንጂ በአሮጌ ቤቶች 127 እና 220 ጎን ለጎን ይገኛሉ። «220 ይላል፣ ይሠራል» ተብሎ የተጫነ ፍሪጅ ከ220ው ቀጥሎ «60» ብቻ ካለ ኮምፕረሰሩ እዚህ ያለ ዕረፍት እየጋለ ይሠራና ዕድሜው ያጥራል። «50/60» የሚለውን መምረጥ ነው። ከዱባይና ከኩዌት የሚመጣው 50 ስለሆነ ይህ ችግር የለበትም።

ትልቁን ቦታ ልሰጠው የምፈልገው ለሕክምና ዕቃ ነው፤ እዚህ ላይ የሚደርሰው ጉዳት የገንዘብ ብቻ አይደለምና። በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ የሚረዱ ማሽኖች በአብዛኛው 100-240 ስለሆኑ ችግር የለባቸውም። ኔቡላይዘር ግን ሁለት ዓይነት ነው። በባትሪ ወይም በዩኤስቢ የሚሠራው ትንሹ በየትም ይሠራል። እየጮኸ አየር የሚገፋው ባለፒስተን፣ ከአሜሪካ የተገዛ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ 115 ወይም 120 ቮልት 60 ኸርዝ ብቻ ነው። በቀጥታ ከተሰካ ጥቅሉ ይቃጠላል፣ ያውም ሌሊት ልጁ ትንፋሽ ባጠረው ሰዓት። ለ220 የተሠራ ኔቡላይዘር አዲስ አበባ ውስጥ በሕክምና ዕቃ መደብሮች ስለሚገኝ ከዚያ ባያመጡት ይመረጣል።

ከአየር ላይ ኦክስጅን አጣርቶ ለበሽተኛ የሚሰጠው ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር ከዚህም ይብሳል። ባለ 5 ሊትሩ የቤት ማሽን 350 ዋት አካባቢ ስለሚፈልግ ሰው ትራንስፎርመር ገዝቶ ይሰካዋል፤ ማሽኑም ይነሳል። ነገር ግን ኮምፕረሰሩ በ50 ኸርዝ ቀስ ብሎ ስለሚሽከረከር የሚያስገባው አየር ያንሳል፣ የሚያወጣው ኦክስጅንም ሊሳሳ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ ማሽኑ ከ82 በመቶ በላይ ንጹሕ ኦክስጅን እንዲሰጥ ይጠይቃል። ከዚያ ሲወርድ በጤነኛ ማሽን ላይ ቢጫ ወይም ቀይ መብራት ይበራል። መብራቱን የሚያነብለት የሌለ በሽተኛ ግን ከአፍንጫው ቱቦ አየር ስለሚወጣ ብቻ ኦክስጅን እያገኘ ይመስለዋል። በዚህ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ማሽኑ እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚሠራ መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ ከመግዛት በፊት መነበብ አለበት። ለቤተሰብ የሚልክ ሰው 220-230 ቮልት 50 ኸርዝ የሚል ማሽን ከሻጩ ይጠይቅ፤ እነዚያው አምራቾች ለሌሎች አገሮች ብለው ይሠሩታል። መብራት ሲጠፋ ማሽኑም ስለሚቆም የተሞላ ሲሊንደር አጠገብ መኖር አለበት።

ከዚህ ወደ ውጭ ለሚሄደው መንገድ ነገሩ ይለያያል። በአውሮፓና በእስራኤል ቮልቱ 230 ስለሆነ የእኛ ዕቃ ይሠራል፤ ጥያቄው የእግሩ ብቻ ነው። የቻርጀር ቀጭን ባለሁለት እግር በአብዛኞቹ ይገባል። የካውያና የማፍያ ወፍራም ስፒና ግን በስዊዘርላንድና በብዙ የጣልያን ሶኬቶች አይገባም። በእስራኤል ሊገባ ይችላል፣ ግራውንድ ግን አያገኝም፤ ስለዚህ አካሉ ብረት ለሆነ ዕቃ አይሆንም።

በዱባይ፣ በኩዌትና በኳታር ሶኬቱ ባለሦስት ጠፍጣፋ ቀዳዳ የእንግሊዝ ዓይነት ነው። እዚያ የተለመደው ብልሃት የላይኛውን ቀዳዳ በእስክሪብቶ ወይም በማንኪያ እጀታ ገፍቶ መከለያው ሲከፈት ክቡን ስፒና መሰካት ነው። መከለያው የተቀመጠው ኤሌክትሪክ ሰው እንዳይዝ ነው፤ እጀታው ብረት ከሆነና ቀዳዳው ከተሳተ ነገሩ በአንድ አፍታ ያልቃል። ባይሳትም ክቡ እግር ለጠፍጣፋው ቀዳዳ ስለማይስማማ ግንኙነቱ ላላ ይሆናል፣ ካውያ ሲሰካበት ይግላል። በተጨማሪ የእንግሊዙ ስፒና ሆዱ ውስጥ ፊውዝ አለው፣ ገመዱን የሚጠብቀው እሱ ነው። ክቡ በቀጥታ ሲገባ ያ ጥበቃ የለም። 13 አምፔር ፊውዝ ያለው አዳፕተር እዚያው በየመደብሩ ስላለ እሱን መግዛት ነው። አሠሪ ቤት ያለች እህታችን ደግሞ ከአገሯ ያመጣችውን ካውያ ከመሰካት የቤቱን ብትጠይቅ ይሻላታል።

ወደ አሜሪካ የሚሄድ የእኛ ዕቃ አይቃጠልም፤ ይሰንፋል። 1,000 ዋት የቡና ምድጃ 120 ቮልት ላይ 300 ዋት አይሞላም፤ ቡና አይቆላበትም። ሰው የሚደክመው በምጣድ ነው። 3,500 ዋት የኤሌክትሪክ ምጣድ ተሸክሞ ሄዶ የግድግዳው ሶኬት ላይ ሲሰካው 1,000 ዋት ብቻ ያገኛል፤ ሊጡ ዓይን ሳያወጣ ይደርቃል። ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብ የልብስ ማድረቂያው 240 ቮልት ሶኬት ነው። እዚያ ምጣዱ ከ4,100 ዋት በላይ ይሆናል፣ 17 አምፔር ያህልም ይስባል። የሚጠብቀው ብሬከር ግን 30 አምፔር ነው። የምጣዱ ገመድ ወይም ሸክላው ሥር ያለው መያዣ ቢበላሽ ብሬከሩ ሳይነቃ ቤት ሊቃጠል ይችላል። የግድ ከተባለ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን የራሱ መስመርና ልኩን የጠበቀ ብሬከር ይዘርጋለት፤ ገመድ ቆርጦ ማያያዝ ግን ፈጽሞ አይደረግ።

ብዙ ወገኖቻችን ያገኙት መፍትሔ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ኖርዌጂያውያን የድንች ቂጣቸውን የሚጋግሩበት የ120 ቮልት ምጣድ ነው። ከስካንዲኔቪያ የሄደ ቂጣ መጋገሪያ የዋሽንግተንን እንጀራ ማትረፉ ደስ የሚል ነገር ነው። እሱም ቢሆን 1,400 ዋት ገደማ ስለሆነ 12 አምፔር ያህል ይወስዳል። በዚያው መስመር ላይ ማይክሮዌቭ ከተነሳ ብሬከሩ ይወድቃል። በቀጭን ኤክስቴንሽን አይሰካ፤ እሑድ ጠዋት ሃምሳ እንጀራ የሚጋገርበት ገመድ በእጅ ሲነካ ለብ ካለ ቀጭን ነው ማለት ነው።

ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ከበዓላቱ ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ሻንጣው ገና ሳይታሸግ፣ ይህን እንዲያወጣልን ነው። አስመጪዎችንና የመርካቶ ነጋዴዎችን ደግሞ አንድ ነገር ልለምናቸው። አዳፕተሯ ማሸጊያ ላይ በአማርኛ «ቮልት አይቀይርም» የሚል ተለጣፊ ይለጠፍባት፤ ቀላሉ ባለ 1,600 ዋት ኮንቨርተር ላይም «ለሞተርና ለሕክምና ዕቃ አይሆንም» ይባል። ተለጣፊው የሳንቲም ወጪ ነው፣ እስከዚያው ሻጩ በአፉም ቢለው ይበቃል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የኤሌክትሪክ ዕቃ ጥገና ባለሙያ
አዲስ አበባ